ከመንገዱ በፊት ጭነቱ፦ ለመስክ ሥራ ሃርድቶፕ ይገዛ ወይስ ፒክአፕ?

 የመረጥሁት ርእሰ ጉዳይ ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ ለግዥ ክፍል የሚስማማ ይመስላል። ሆኖም ከአፈር ተመራማሪው እስከ ጤና ባለሙያው፣ ከሥነ ምድር ተማሪው እስከ እንስሳት ሐኪሙ፣ በአገራችን መስክ የሚወጣ ሁሉ ደኅንነቱም ሥራውም ከተሳፈረበት መኪና ጋር የተሳሰረ ነው። አንድ ተቋም የገዛው የመስክ መኪና ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ በአንድ ስብሰባ የተወሰነ ምርጫ ዛሬ ገና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ነገ የሚቀመጥበትን ወንበር ይወስናል ማለት ነው።

ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መኪኖች መካከል ነው። አንደኛው ሃርድቶፕ ብለን የምንጠራው ረጅሙ ላንድክሩዘር ነው፤ ሁለተኛው ባለ ሁለት ጋቢናው ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው። ሌሎች ኩባንያዎችም ተቀራራቢ መኪኖችን ይሠራሉ። እነዚህን ሁለቱን የወሰድሁት በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ የምናያቸው ስለ ሆኑና ንጽጽሩን ሁላችን በምናውቀው ነገር ላይ ለመመሥረት ስለ ፈለግሁ ነው። ለምቾት የተሠሩትን ስቴሽን ዋገኖች ከንጽጽሩ አውጥቻለሁ፤ ዋጋቸውም ዓላማቸውም ሌላ ነውና።

ስለ መኪና ግዥ ስንመክር ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ጭቃ የሚወጣው የትኛው ነው?» የሚል ነው። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ጥያቄ ከሁለተኛ ቦታ ሊቀመጥ ይገባዋል የሚል ነው። በመንገድ አቅም ሁለቱ መኪኖች ከምንገምተው በላይ ይቀራረባሉ። በእውነት የሚለያዩት በሚሸከሙት ነገርና፣ ከሁሉም በላይ፣ ሰውን በሚያስቀምጡበት አኳኋን ነው።

በመጀመሪያ ዝምድናቸውን እንመልከት። ሃይሉክስ በ1968 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ሃርድቶፑ የሚመደብበት 70 ተብሎ የሚታወቀው የላንድክሩዘር ተከታታይ በ1984 እ.ኤ.አ. ወጣ። የሁለቱም አካል የተቀመጠው ራሱን በቻለ ሻንሲ ላይ ነው። የሁለቱም የኋላ አክሰል ወጥ ሆኖ በባሌስትራ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ሾፌሩ ሲፈልግ ብቻ አራቱን ጎማ የሚያስነዳ፣ በተለምዶ ፎርዊል የምንለው ሥርዓትና ለአስቸጋሪ ቦታ የሚሆን ዝቅተኛ የኃይል ማርሽ አላቸው። ከዚህም የተነሣ ሁለቱም በደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል አስገብተው ሊነዱ አይገባም። በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት ስለሚለያይና ልዩነቱን የሚያቻችል መካከለኛ ዲፈረንሻል ስለሌላቸው የኃይል ማስተላለፊያው ይጨናነቃል።

ዋናው የአሠራር ልዩነት ከፊት ነው። የሃርድቶፑ የፊት አክሰል እንደ ኋላው ወጥ ነው፤ የፒክአፑ የፊት ጎማዎች ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ወጥ አክሰል አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውን ወደ መሬት ይጫነዋል፤ በአክሰሉ ሥር ያለው ከፍታም መኪናው ቢጫን አይቀንስም። በአንጻሩ የተነጣጠሉ ጎማዎች በአስፋልትና በደህና ፒስታ መንገድ ላይ መሪውን የተረጋጋ፣ ጉዞውንም የለሰለሰ ያደርጉታል። ስለዚህ ድንጋያማ አቀበት ላይ ሃርድቶፑ ብልጫ አለው። የመስክ ጉዞ አብዛኛው ኪሎ ሜትር በሚያልፍበት አስፋልትና ፒስታ ላይ ደግሞ ብልጫው የፒክአፑ ነው።

ብዙ የሚወራለት የመኪናው ሆድ መሬት የመንካት ጉዳይስ? በሁለቱ አክሰሎች መካከል ያለው ርቀት በሃርድቶፑ 2.98 ሜትር፣ በፒክአፑ ወደ 3.09 ሜትር ነው። የሁለቱንም ከመሬት ከፍታ 22 ሴንቲ ሜትር ብለን ብንወስድ መኪናው ሆዱ ሳይነካ ሊሻገረው የሚችለው የጉብታ ማዕዘን በመጀመሪያው 16.8፣ በሁለተኛው 16.2 ዲግሪ ይሆናል። ከአንድ ዲግሪ በታች የሆነ ልዩነት ነው። የጎማ መጠን ለውጥ ወይም የደከመ ባሌስትራ ይህን ልዩነት በቀላሉ ያጠፋዋል። ርዝመታቸውም ከ5 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ሁለቱም ከቦይ ሲወጡ የኋላ ፓራውልታቸው መሬት ሊነካ ይችላል።

ወደ ጭቃው እንምጣ። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ ጎጃም ውስጥ ዋልካ ይሉታል። ይህ አፈር በክረምት የጎማውን ጥርስ ይሞላና ጎማውን እንደ ልሙጥ በርሜል ያደርገዋል። በዚያን ጊዜ ወሳኙ የጎማው ዓይነት፣ የሾፌሩ ትዕግሥትና ዝናቡ እስኪያባራ የመጠበቅ ልማድ ነው። በእርግጥ ባዶ ፒክአፕ አንድ ድክመት አለው። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የኋላ ጎማዎቹ ቶሎ ይንሸራተታሉ፤ በኮረኮንች መንገድም ኋላው ይዘላል። ከአክሰሉ በላይ የታሰረ 150 ኪሎ ያህል ጭነት ይህን ጠባይ ያሻሽለዋል። ለባዶ ጉዞ የተሠራ መኪና አይደለምና።

ከመንገዱ ቅርጽ ይልቅ የአገራችን ከፍታ የበለጠ ልዩነት ያመጣል። ምድራችን ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ከሚወርደው ከዳሎል እስከ 4,550 ሜትር ከፍታው ራስ ደጀን ይዘረጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው እፍጋት 79 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ከጎባ ወደ ዶሎ መና ስንጓዝ የምናቋርጠው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ አኃዙ ወደ 67 በመቶ ይወርዳል። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የምናገኘው የሃርድቶፕ ሞተር 4.2 ሊትር የሆነ፣ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። 130 ገደማ የሆነው የፈረስ ጉልበቱ ሳነቴ ላይ ወደ 90 ይጠጋል። የአዳዲሶቹ ሃይሉክሶች 2.4 ሊትር ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ተርቦው አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የሚያሳጣውን ጉልበት በአብዛኛው ያካክሳል።

ነገር ግን ይህ ብልጫ ዋጋ አለው። የሃርድቶፑ ሞተር ናፍጣ የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ንጽሕናው ያልተሟላ ነዳጅን በመጠኑ ይታገሣል፤ በወረዳ ከተማ ያለ ልምድ ያለው መካኒክም በቁልፍና በጆሮው ይጠግነዋል። የአዲሱ ፒክአፕ ሞተር ግን ናፍጣውን የሚረጨው ወደ 2,000 ባር በሚደርስና ከዚያም በሚበልጥ ግፊት፣ እጅግ ደቃቅ በሆኑ ቀዳዳዎች ነው። ከበርሜል የተቀዳ ውኃ የገባበት ናፍጣ እነዚህን ረጪዎች ያበላሻል፤ ብልሽቱን ለማወቅም የኮምፒውተር መመርመሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሞተር ምርጫ በመሠረቱ የነዳጅ ምንጭና የጋራዥ ርቀት ምርጫ ነው። የቆዩት ሃይሉክሶች ውስጥም ተርቦ የሌላቸው ሞተሮች ስላሉ፣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ስሙን ሳይሆን ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩን ይመልከት።

የነዳጅ ፍጆታውም መታሰብ አለበት። ሃርድቶፑ በ100 ኪሎ ሜትር በግምት 13 ሊትር፣ ፒክአፑ 9 ሊትር ያህል ይወስዳሉ ብንል፣ በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ መኪና ልዩነቱ 1,200 ሊትር ይሆናል። በሌላ በኩል ባለ ሁለት ሰልባቲዮው ሃርድቶፕ 180 ሊትር ሲይዝ፣ ፒክአፑ የሚይዘው 80 ሊትር ነው። ማደያ በሌለበት ቆላ ለሚሠራ ቡድን ይህ ከቁጠባው ሊበልጥበት ይችላል።

እስካሁን ያየናቸው ነጥቦች አንዱን መኪና ከሌላው በግልጽ አያስበልጡም። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጭነቱ እገባለሁ።

የፒክአፕ የመጫን አቅም በተለምዶ «አንድ ቶን» ይባላል። ይህ አኃዝ ብዙዎችን ያሳስታል። በመጀመሪያ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ሁለተኛ፣ የካሶኒው ብቻ አይደለም፤ በጋቢናው ውስጥ ያሉትን ሰዎችም ይጨምራል። ለስሌት እንዲያመች አቅሙን 900 ኪሎ ብለን እንውሰድ። አምስት ሰዎች በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝኑ 350 ኪሎ ነው። የግል ሻንጣዎቻቸው 50 ኪሎ፣ ሁለት ጄሪካን ናፍጣ 40 ኪሎ፣ ተጨማሪ መለዋወጫ ጎማ 30 ኪሎ ይሁኑ። የቀረን 430 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ የአፈር ቡድን ሁለት ሁለት ኪሎ የሚመዝኑ ናሙናዎችን ቢሰበስብ 215 ከረጢት ላይ ማቆም አለበት። 400 ከረጢት የጫነ እንደሆነ የኋላ ባሌስትራው ይተኛል፤ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፤ መሪና ፍሬን የሚሠሩባቸው የፊት ጎማዎችም መሬት የመያዝ ኃይላቸው ይቀንሳል። ካሶኒው ገና ቦታ አለው ማለት መኪናው ገና አቅም አለው ማለት አይደለም።

ሃርድቶፑ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ እርሱም ጣሪያው ነው። ውስጡ በሰው ሲሞላ ጭነቱ ወደ ፖርቶመጋላ ይወጣል። አንድ መኪና ለመገልበጥ ያለውን ዝንባሌ ለመገመት የሚያገለግል ቀላል ቀመር አለ፤ የግራና የቀኝ ጎማዎችን ርቀት ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ማካፈል ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ከ2001 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ ለሕዝብ ያቀረበው የመገልበጥ ደረጃ የተመሠረተው በዚሁ ቀመር ላይ ነው። የቤት አውቶሞቢሎች ውጤት በአብዛኛው ከ1.30 እስከ 1.50፣ ከፍ ያሉ የመስክ መኪኖች፣ ፒክአፖችና ቫኖች ደግሞ ከ1.00 እስከ 1.30 ነው። አኃዙ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል።

ለማሳያ ያህል 2,200 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት ማዕከሉ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ፣ የጎማዎቹ ርቀት 1.50 ሜትር የሆነ ሃርድቶፕ እናስብ። ውጤቱ 1.00 ነው። 2.30 ሜትር ከፍታ ላይ 150 ኪሎ ብንጭንበት የክብደት ማዕከሉ ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ውጤቱም ወደ 0.88 ይወርዳል። ያንኑ 150 ኪሎ 2,000 ኪሎ በሚመዝንና ማዕከሉ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ባለ ፒክአፕ ካሶኒ ውስጥ በ1 ሜትር ከፍታ ብናስረው፣ ውጤቱ ከ1.07 ወደ 1.04 ብቻ ይቀንሳል። ጭነቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የተቀመጠበት ቦታ ያመጣውን ልዩነት ልብ በሉ። ይህን ስል ፒክአፕ አይገለበጥም ማለቴ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ባደረገው ድንገተኛ የመታጠፍ ሙከራ ሃይሉክሱ በሁለት ጎማ ቆሞ ታይቷል፤ አምራቹም የመረጋጊያ ሥርዓቱን አስተካክሎ በተከታዩ ዓመት በድጋሚ አስፈትኖታል። ከፍ ያለ መኪና ሁሉ በፍጥነት ሲታጠፍ አደጋ አለው፤ ጣሪያው ላይ ስንጭን ግን አደጋውን በገዛ እጃችን እናሳድገዋለን።

ከሁሉ ወደሚከብደው ጭነት፣ ወደ ሰው፣ ደርሰናል። ሃርድቶፑ በተለመደው አሠራሩ ከኋላ በግራና በቀኝ ግድግዳ የተዘረጉ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ወንበሮች አሉት። በሰነዱ ላይ ዐሥርና ከዚያ በላይ ሰው ይይዛል የሚለው በእነዚህ ወንበሮች ቆጠራ ነው። መኪናው ድንገት ሲቆም በጎን የተቀመጠ ሰው ደረቱን የሚይዝ ቀበቶም ጀርባውን የሚደግፍ ወንበር ስለሌለው በአንገቱና በወገቡ ታጥፎ በጎረቤቱ ላይ ይወረወራል። በእግሮች መካከል የተቀመጠው ጄሪካንና የመሣሪያ ሣጥንም አብሮ ይወረወራል። ባለ ሁለት ጋቢናው ፒክአፕ ግን አምስት ሰው ብቻ ይይዛል፤ አምስቱም ወደ ፊት ያያሉ፤ ቀበቶም አላቸው። ብዙዎች ጉድለት አድርገው የሚቆጥሩት ይህ የቁጥር ማነስ በእኔ አመለካከት ዋና ጥንካሬው ነው። የፒክአፑ እውነተኛ አደጋ የሚመጣው ስድስተኛውን ሰው ካሶኒው ላይ ስናወጣው ነው። «እስከ መታጠፊያው ብቻ ነው» ተብሎ የሚጫን ሰው ሕይወቱን የሚጠብቅለት ምንም ነገር የለም።

በተቃራኒው ሃርድቶፑ ያለ ተወዳዳሪ የሚያሸንፍበት ሥራ አለ። በሽተኛ ማስተኛት ወይም ከአቧራና ከዝናብ የሚጠበቅ ዕቃ ማጓጓዝ ሲያስፈልግ፣ አጠገቡም ባለሙያ መቀመጥ ሲኖርበት፣ ዝግና ረጅም ክፍል ያስፈልጋል። በየወረዳው የምናያቸው አምቡላንሶች ብዙዎቹ በዚህ መኪና ላይ የተሠሩት ስለዚህ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃቱን ያረጋገጠለት የክትባት ማጓጓዣ መኪናም በዚሁ ሃርድቶፕ ላይ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት የተሠራ ነው። ይሁንና ያው ዝግ ክፍል ሰውና ዕቃ አንድ አየር እንዲተነፍሱ ያደርጋል። ፎርማሊን፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የናፍጣ ጄሪካን ወይም የታመመ እንስሳ ናሙና ከሰው ጋር በአንድ ክፍል መጓዝ የለበትም። ለእንዲህ ያለው ዕቃ ከጋቢናው የተለየው ካሶኒ፣ በሸራ ተሸፍኖና በገመድ ታስሮ፣ ይመረጣል።

እነዚህን ነጥቦች በአራት ምሳሌዎች ላጠቃልል። አምስት ሰው ይዞ ጎጃም የአፈር ናሙና ለሚሰበስብ ቡድን ፒክአፕ ይበቃል፤ ከረጢቱን እስከ ቆጠረ ድረስ። ክትባትና ማቀዝቀዣ ሣጥን ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ ለሚዞር የጤና ቡድን ሃርድቶፕ ይሻላል፤ ወንበሮቹ ግን ወደ ፊት የሚያዩና ባለ ቀበቶ ሆነው ይገጠሙ፣ በሰውና በዕቃ መካከልም ጠንካራ መረብ ይኑር። ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ የሥነ ምድር ቡድን በአንድ መኪና መሄድ የለበትም። ለእርሱ ተገቢው መልስ ሁለቱ በአንድነት ናቸው፤ ሃርድቶፑ በሰልባቲዮዎቹ ርቀትን፣ ፒክአፑ ውኃና መሣሪያን ይሸከማሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሰው ያወጣል። ዐሥራ ሁለት ተማሪዎችን ለትምህርታዊ ጉብኝት መውሰድ የሚፈልግ መምህርስ? ለእርሱ ሁለቱም መልስ አይደሉም። መንገዱ እስከሚፈቅድበት ድረስ ሚኒባስ ይያዝ፤ የቀረው በእግር ይኬድ ወይም መኪናው ይመላለስ።

ስለዚህ የግዥ ዝርዝር መግለጫ ከመጻፉ በፊት አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንዲመለሱ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ስንት ሰው ይሳፈራል፣ ሁሉስ ወደ ፊት የሚያይ ወንበርና ቀበቶ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ ዕቃው ስንት ኪሎ ነው፣ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ሊጓዝስ ይችላል? ሦስተኛ፣ ነዳጁ ከየት ይቀዳል፣ ጋራዡስ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? አራተኛ፣ መንገዱ ምን ይመስላል? አራተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርሱ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ተወስኖ ታገኙታላችሁ። ጭቃው ቢይዘን ገበሬዎች በሬ ጠምደው ያወጡናል፤ ቀኑ ይመሻል እንጂ ሰው አይጎዳም። ያለ ቀበቶ የተቀመጠ ተማሪ ግን መኪናው ሲገለበጥ ደርሶ የሚያወጣው የለም።